ደግመው የማይጠይቁት ጋሽ አርተር

ሽበት ቀድሞ የወጣበት ሰው ዋሽንግተንና አካባቢዋ ውስጥ ዕረፍት የለውም። አይታችሁኝ ከሆነ ታውቁኛላችሁ፤ ካላያችሁኝም፣ ልጅ የዳረ ዘመድ ካላችሁ የሠርጉን ቪዲዮ ክፈቱት። መጀመሪያ ላይ ሶፋው ጫፍ ተቀምጦ፣ ግራጫ ሱፍ ለብሶ ጉሮሮውን የሚጠራርገው ሰውዬ እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ሳይሞላኝ ፀጉሬ እኔን ሳያማክር ነጣ። ከዚያ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ሚስት ባሰበ ቁጥር የኔ ስልክ ይጮኻል። «ግርማዬ፣ ቅዳሜ ኦፍ ነህ?» ይሉኛል። ኦፍ ከሆንኩ ሽማግሌ ነኝ፤ ሥራ የምገባ ከሆነ ሌላ ሽበታም ይፈለጋል። ለዕውቀቴ እንዳይመስላችሁ። ሱፍ አለኝ፣ መኪናዬ ብዙ ሰው ትጭናለች፣ ፀጉሬ ነጭ ነው። ከዚህ በላይ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ሥርዓቱን ለማታውቁት፣ በተለይ እዚህ ተወልዳችሁ ይህን በስልካችሁ እያስተረጎማችሁ ለምታነቡት ላስረዳ። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ይላሉ። የሴቷ አባት፣ ልጅቷ ከልጁ ጋር ሶፋ መርጣ መጋረጃ ሰቅላ ብትጨርስም፣ ነገሩን ዛሬ ገና የሰማ መስሎ ግንባሩን ይቋጥርና «እንማከርበታለን፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል። እምቢ ማለቱ አይደለም። ወዲያው እሺ ቢል ልጁን ሊገላገላት የቸኮለ ይመስልበታል። ሽማግሌ ይመለሳል፣ አሁንም «ገና ነን» ይባላል፣ በሦስተኛው እሺታው ይመጣና እልልታው ይቀልጣል። ድሮ በምልልሱ መሃል ሳምንታት ያልፉ ነበር አሉ። እኛ ሳምንት ከየት እናምጣ? ሁለት ሥራ የሚሠራ ሽማግሌ ዳግመኛ ኦፍ የሚያገኝበትን ቀን የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነው። ስለዚህ «ሌላ ቀን ተመለሱ» ስንባል ወጥተን ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናችን ውስጥ ቁጭ እንላለን። ሂተር ከፍተን ስለ ኢንሹራንስ መወደድ እናወራለን። ትንሽ ቆይተን እንመለሳለን። አባትየውም በጋ ከክረምት ያልተያየን ይመስል «ደህና ሰነበታችሁ?» ይለናል። ጓዳ ውስጥ ለሠፈር የሚበቃ ምግብ ከጠዋት ጀምሮ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሁሉም ሰው ያላወቀ ይመስላል። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ የምዘላብደው ስለ ጋሽ ደምሴ ልነግራችሁ ብዬ ነው።

ጋሽ ደምሴ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ እሑድ እሑድ በአማርኛ ቸርቻቸው በር ላይ ቆመው ሰው የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ያረፉት አንዲቱ ልጃቸው ማሂ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነበር። ሹሩባ መሥራት ከጎረቤት ሴት ተምረው፣ ቀን ነድተው ማታ የቤት ሥራ እያሠሩ ብቻቸውን አሳደጓት። ማሂ አድጋ ተምራ፣ እዚያው ዋሽንግተን የሚሠራ ኦሊ የሚባል እንግሊዛዊ ይዛ መጣች። ጋሽ ደምሴ ልጁን ወደዱት። በረዶ ሲጥል ሳይጠሩት አካፋ ይዞ የሚመጣ ልጅ እንዴት አይወደድም? አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «አባቱ መጥተው ይጠይቁኝ።»

ችግሩ፣ የኦሊ አባት የሚኖሩት እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ነው፤ ልባቸው ደከም ብሏልና ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል። «በቪዲዮ ይደውሉልዎታ» ተባሉ ጋሽ ደምሴ። «ልጄን በስፒከር ፎን አልሰጥም» አሉ። ማሂ አኮረፈች፣ ኦሊ አቀረቀረ። ሲሰነብቱ ጋሽ ደምሴ መላ አመጡ። «እሳቸው መምጣት ካልቻሉ እኔ እሄዳለሁ። ጠያቂው ግን እሳቸው ናቸው።»

ሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የሴት አባት ሊለመን ውቅያኖስ ሲሻገር ታይቶ አይታወቅማ። ደግሞ የወንዱ ወገን ሽማግሌ የለውም ተብሎ ማን ተመደበ መሰላችሁ? እኔ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ለእንግሊዛዊው አዋሱኝ፤ ሰውዬው መኖሬንም አያውቁ። በዚያ ላይ አስተርጓሚ ነኝ። ጋሽ ደምሴ የአሜሪካ ሴናተር ታክሲያቸው ውስጥ አስገብተው በእንግሊዝኛ የሚከራከሩ ሰው ናቸው፤ «በዚህ ጉዳይ ግን አማርኛ ብቻ ነው የምናገረው» አሉ።

ከማሂና ከኦሊ ጋር አራት ሆነን ለአንድ አዳር እንግሊዝ ገባን። የኦሊን አባት አርተርን ገና ሳያቸው «ጋሽ አርተር» አልኳቸው፤ ሌላ ስም አይሆናቸውም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ገጠር ውስጥ ከረቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሰው ፎቶ ጥቂት ነው፤ የባቡር ፎቶ ግን ቦታ አልበቃውም። በመንደራቸው የሚያልፈውን ሐዲድ ድሮ መንግሥት አያዋጣም ብሎ ዘግቶት ነበር። የመንደሩ ሰዎች ሣሩን ነቅለው፣ ዝገቱን ጠርገው፣ በከሰል የሚሄድ አሮጌ ባቡር ፈልገው መልሰው ከፈቱት። ትኬት የምትቆርጠው ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት፤ ፊሽካ የሚነፋው የሒሳብ አስተማሪ የነበረ ነው። ጋሽ አርተር ደግሞ ባቡር የሚያስቆመውንና የሚያሳልፈውን ምልክት ይቆጣጠራሉ።

«ስንት ይከፍሏቸዋል?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

ጠየቅኩላቸው። ምንም።

«ምንም ማለት?»

ምንም ማለት ምንም። በፈቃዳቸው ነው። ጋሽ ደምሴ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔንም አገሩን ሳላውቅ እንደዚሁ ያሠሩኝ ነበር» አሉኝ።

ጋሽ አርተር ለእንግዳ ክብር ያሰቡት ግብዣ ምን ይመስላችኋል? ማሂና ኦሊ ቤት ቀርተው ምሳ ሲሠሩ፣ እኛን ሁለታችንን በባቡሩ እየጫኑ ከሐዲዱ ጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዱን ጣቢያና እያንዳንዱን የምልክት ቤት ሊያሳዩን። ሰው አገር ሄዶ ቤተ መንግሥት ይታያል፣ ሙዚየም ይታያል፤ እኛ የገጠር ባቡር ጣቢያ ልናይ በዝናብ ወጣን። በነገሩ ላይ ግን ክፉ ልሆን አልችልም። ሰውዬው ያላቸውን ምርጥ ነገር ነው ያቀረቡልን።

የመጀመሪያው ጣቢያ የእንጨት መቀመጫ፣ የአበባ ማሰሮዎችና ትልቅ ሰዓት አለው። ጋሽ አርተር ከቦርሳቸው የቆርቆሮ ሳጥን አውጥተው ከፈቱ። የእንቁላል ሳንድዊች ነው። መጀመሪያ ለጋሽ ደምሴ ዘረጉ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አይ፣ ይቅርብኝ፤ አሁን ነው የበላሁት» አሉ። ውሸት ነው። አውሮፕላን ላይ ከቀመሷት ብስኩት ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? «በሞቴ» ትላላችሁ፣ «አንዲት ብቻ» ትላላችሁ፣ አፋቸው ላይ ታደርሱላቸው ነበር። ጋሽ አርተር «መልካም» አሉና ሳጥኑን ወደኔ አዞሩ። እኔ ሁለት አነሳሁ። አሜሪካ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ሲቀርብልኝ በመጀመሪያው እሺ ማለት ነው። ክዳኑ ሲከደን ጋሽ ደምሴ በዓይናቸው ሸኙት።

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው፤ እኔ ግን ሳንድዊች እያላመጥኩ ስለነበር አላስተዋልኩም።

ጋሽ አርተር ሰዓቱ ሥር ቆሙና ኮፍያቸውን አወለቁ። የራሳቸውን ሚስት እዚችው ቦታ ላይ ነበር አሉ የጠየቋት። ኦሊ «አባቷን አንተ ነህ የምትጠይቀው» ብሎ አስጠንቷቸዋል። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጅዎ ለልጄ ሚስት ትሆን ዘንድ ፈቃድዎን እለምናለሁ» አሉ። ስንት ሽምግልና ቆሜያለሁ፤ እንዲህ ያማረ ልመና አልሰማሁም። እልል ማለት ሁሉ አማረኝ። ጋሽ ደምሴ የጃኬታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ራቅ አድርገው ወደ ሐዲዱ አዩ።

«እንማከርበታለን» አሉ።

ተረጎምኩ። ጋሽ አርተር ትንሽ አጎነበሱ። «እርግጥ ነው። በጣም ተገቢ ነው» አሉ። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲህ የምልክት ቤቱን እንይ» ብለው ወደ ፊት መሩን።

አለቀ። ፓርኪንግ የለ፣ ሂተር የለ፣ ወጥቶ መመለስ የለ። እንግሊዝ አገር ጨዋ ሰው አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ አልሆነም ከተባለ ደግሞ ማንሳት ሰውን ማስጨነቅ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደግሞ ጨዋ አባት መጀመሪያ ላይ እሺ አይልም። ሁለቱም የሚችሉትን ያህል ጨዋ ሆኑ፤ በዚህ መሃል ልጆቹ ላይ ሊፈረድባቸው ነው።

የምልክት ቤት ማለት ሐዲድ ዳር የቆመ፣ ከታች ግንብ ከላይ መስታወት የሆነ፣ በውጭ ደረጃ የሚወጡበት ቤት ነው። ውስጡ ወገብ የሚያልፉ የብረት ዘንጎች ተደርድረዋል። ቀዩን ሲስቡት ባቡር የሚያስቆመው ክንድ ውጭ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጥቁሩን ሲስቡት ሐዲዱ ራሱ መንገድ ይቀይራል። በባዶ እጅ አይነካም፣ ላብ ያዝገዋል ተብሎ በጨርቅ ነው የሚያዘው። ወለሉ ደግሞ ስለሚወለወል በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። ጋሽ ደምሴ ይህን ማን ነግሯቸው? የግራ ካልሲያቸው አውራ ጣት ላይ ተቀዷል። ጣታቸውን አጥፈው፣ አንካሳ መስለው ነው ጉብኝቱን የጨረሱት።

ሁለተኛው ጣቢያ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ቀድመው ወረዱና ሰዓት ፈልገው ሥሩ ቆሙ። እጃቸውን አጣምረው፣ ፊታቸውን ለጥያቄ አመቻችተው። ጋሽ አርተር መጡ፣ አጠገባቸው ቆሙ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ አስረዷቸው። ሦስተኛውን ጣቢያ አንድ ቤተሰብ ገዝቶ ይኖርበታል፤ ባቡር መጠበቂያው ጣሪያ ሥር የልጆች ፒጃማ ታጥቦ ተሰጥቷል። ጋሽ ደምሴ እዚያም ቆሙ። «ማሂ ባለሙያ ናት፤ ዛሬ የምታበስለውን ቢቀምሱ ...» ብለው ነገር ጣል አደረጉ። ተረጎምኩ። ጋሽ አርተር አዘኑላቸው፤ ሰውዬው ሳይቆርጡ ልጃቸውን ማንሳት ከብዷቸዋል ብለው መሰለኝ፣ ቶሎ ብለው ወሬውን ወደ ዝናብ መውረጃው ቱቦ አዞሩላቸው። ስለ ቱቦው ብዙ የሚባል ነገር ነበር። ሳጥኑም እየተከፈተ ለእኔ ብቻ ይዘረጋል፤ ጋሽ ደምሴ «በልቻለሁ» ብለዋላ። ባላሰቡት ጾም ገቡ።

መቼም «አንተስ ምን ሠራህ? ለሰውዬው ሹክ አትልም?» ትሉኛላችሁ። ልል ነበር። «ጋሽ አርተር፣ በእኛ ባህል ...» ብዬ ስጀምር ጋሽ ደምሴ በዣንጥላቸው ጫፍ እግሬን ወጋ አደረጉኝ።

«ብትነግራቸው እሳቸው ለመኑ አይባልም፤ እኔ ለመንኩ ነው የሚባለው» አሉኝ በአማርኛ። «ልጄን እባክዎ ይውሰዱልኝ ልል ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት?»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ እሺ አይሉም ነበር?»

 እዚሁ መሃል ስልካቸው ጮኸ። ማሂ ናት። ጋሽ አርተር ለልጃቸው መልእክት ልከውለት ኖሯል፦ አባቷ ሊያስቡበት ይፈልጋሉ፣ እንዳታስጨንቋቸው፣ በርታ። ኦሊ ይህን አንብቦ ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል፤ በሽንኩርቱ ያሳብባል።

«ዳዲ፣ ዋት ዲድ ዩ ሴይ ቱ ሂም?» አለች ማሂ። ድምጿ እኔም ዘንድ ይሰማል።

«እንማከራለን ነው ያልኩት። ሥርዓቱ ነው፣ ማሂዬ።»

«ሂ ቲንክስ ዩ ሴድ ኖ። ነገ ፍላይታችን ነው፣ ዳዲ። መልስ ሳይኖር ከተመለስን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኮርት ሄደን እንፈራረማለን። አንተ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ባትመጣ ግን ...» አልጨረሰችውም። ዘጋችው።

ጋሽ ደምሴ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ እርጥብ ነበር፤ አላስተዋሉትም። ጋሽ አርተር ትንሽ ራቅ ብለው አበባ የሚያዩ መሰሉ። «ግርማ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ፣ «ልጅቷን ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። ትኩሳት ሲይዛት ታክሲው ውስጥ ከኋላዬ አስተኝቼ እየነዳሁ ነው ያሳደግኳት። ማንም እንዴት አድርገህ አሳደግካት ብሎኝ አያውቅም። ሽማግሌ ሲመላለስ ይኼን ነው የሚጠይቀው፤ በአፉ አይለው እንጂ። አንዴ ጠይቆ የሚተወኝ ሰው፣ የጠየቀኝ ነገር ምን እንደሆነ የገባው አይመስለኝም።»   እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ስለ ኢንሹራንስ ሳወራ፣ ስንት አባት በመስኮት እንዲህ እያሰበ ሲጠብቀኝ እንደኖረ መጣብኝ።

የመጨረሻው ጣቢያ ጋሽ አርተር ራሳቸው የሚሠሩበት ነው። የቀኑ ተራቸው ደርሶ የምልክት ቤቱን ከጓደኛቸው ተረከቡ። ጫማ አወለቅን። ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን ማጠፍ ሰልችቷቸው ተዉት። ምድጃው ይነዳል፣ ማንቆርቆሪያው ይንጫጫል፣ ጋሽ አርተር ሻይ ቀዱልን። ሻዩን ቀድተው ስለሰጡ እንጂ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ጋሽ ደምሴ ይህንንም «ይቅርብኝ» ይሉ ነበር። ከታች ባቡሩ ቆሞ እንፋሎቱን ይተፋል፤ ሰው ሞልቶታል።

መደርደሪያው ላይ የነሐስ ደወል አለ። ጋሽ አርተር አንዴ መቱት። ባቡሩ ሊመለስ ከሚሄድበት ጣቢያ አንዲት ምት መለሰች፤ እየሰማሁ ነው ማለት ነው። ቀጥለው ሌላ ዓይነት ምት መቱ፦ ሦስት ተከታታይ፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ አንድ።

ዝም።

ጋሽ አርተር ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሻያቸውን አነሱ። እኛም ጠበቅን። ባቡሩ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ሰው በመስኮት እያየ ይጠብቃል።

«ምንድን ነው የጠየቁት?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ተረጎምኩ። ጋሽ አርተር ወሬው የሥራ ስለሆነ ደስ ብሏቸው አስረዱ። ባቡሩን ተቀበለኝ ብለው ነው ባልደረባቸውን የጠየቁት። እሱ ከተስማማ ያንኑ ምት አንድ ሳያጓድል መልሶ ይመታላቸዋል። እሱ ሳይስማማ ባቡር ከዚህ ጣቢያ ንቅንቅ አይልም፣ ንጉሡ ቢሳፈሩበትም።

«አሁን ዝም አለዎት። እምቢ አለኝ ብለው አይቀየሙም?»

«እምቢ የሚል ደወል የለንም» አሉ ጋሽ አርተር። «ዝም ካለ ገና ነው ማለቱ ነው። ከፊቱ ያለው መንገድ አልጸዳለትም ይሆናል።»

«እና ምን ያደርጋሉ?»

«ትንሽ ቆይቼ ደግሜ እጠይቀዋለሁ።»

«ደግሞ መጠየቅ አያሳፍርም?»

ጋሽ አርተር ሳቁ። «የሚያሳፍረው አለመጠየቅ ነው። እኔ አፍሬ ብተወው እኮ ባቡሩ እዚሁ ቆሞ ይቀራል።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ጋሽ ደምሴ ኩባያቸውን ይዘው ተነሱና በካልሲያቸው እስከ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ ጃኬታቸውን ቆልፈው ቆሙ። ልክ ሰዓቶቹ ሥር ሲቆሙ እንደዋሉት።

እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ የፈለጋችሁትን አስምሉኝ። ጋሽ አርተር ግን የሰውዬውን ጀርባ አዩ። ከዚያ ደወሉን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከአንገታቸው የተነሳ ቅላት ቀስ እያለ ጆሯቸው ላይ ደረሰ። ቀኑን ሙሉ ያለፍንባቸው ጣቢያዎች ሁሉ በፊታቸው ላይ አለፉ። ጨርቁን አስቀመጡ፣ ከረቫታቸውን አስተካከሉ፣ ቤት ውስጥ አድርገውት የማያውቁትን ኮፍያ አድርገው መልሰው አወለቁት።

«አቶ ደምሴ» አሉ። «ልጅዎ ለልጄ ሚስት ትሆን ዘንድ ፈቃድዎን እለምናለሁ።»

ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ሳያዞሩ «እንማከርበታለን» አሉ።

አይ ጋሽ ደምሴ። በዚያ ሰዓት ዣንጥላው እጄ ቢገባ ኖሮ እንጃ። ነገ ፍላይት ነው፣ ልጅቷ ኮርት ልትሄድ ነው፣ ሰውዬው ሥርዓት አያጓድሉ። ላቤን ጠርጌ ተረጎምኩ። ጋሽ አርተር ግን በዚህኛው አላቀረቀሩም። «መልካም» አሉና ቁጭ ብለው ሻያቸውን ጨመሩ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ይሁን ምን ያልለየለት ነገር ነበር። ከዚያ ተነስተው ደወላቸውን መቱ፤ ከወዲያኛው ጣቢያ ምቱ አንድ ሳይጓደል ተመለሰ። ዘንጉን በጨርቅ ይዘው ሳቡ፤ ውጭ ክንዱ ተነሳ፣ ባቡሩ እያጓራ በሥራችን አለፈ፣ ልጆች በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙልን። ጭሱ ጠራ።

ጋሽ አርተር ለሦስተኛ ጊዜ ተነሱ። አሁን ቃሉን እንደ መጀመሪያው አላሉትም።

«ብቻዎን እንዳሳደጓት ልጄ ነግሮኛል» አሉ። «እኔ አንድ ልጅ ከሚስቴ ጋር ሆኜ ማሳደግ ከብዶኛል። እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። እለምንዎታለሁ።»

ይህን ለመተርጎም አፌን ስከፍት ጋሽ ደምሴ በእጃቸው ከለከሉኝ። ዘወር አሉ። ዓይናቸው ሞልቷል፤ ሊደብቁትም አልሞከሩ። የሻይ ማንኪያቸውን አነሱና ኩባያቸውን መቱ። ሦስት ተከታታይ፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ አንድ።

ጋሽ አርተር ምቱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዘንግ አልሳቡም እንጂ ሊስቡ ምንም አልቀራቸውም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በካልሲ ቆመው ተቃቀፉ፤ የጋሽ ደምሴ አውራ ጣት ያን ሁሉ ጊዜ ውጭ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ስልክ ደወሉ። «ማሂዬ፣ ጠየቁኝ» አሉ። ማሂ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር አለች። እሳቸው ግን «ደግመው ጠየቁኝ፣ ማሂዬ፤ ደግመው» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልወጣቸውም። ከወዲያ በኩል ኦሊ ሲጮኽ ይሰማል፤ በሽንኩርት ማሳበቡንም ተወው መሰለኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ እኔም ከእንግሊዝ በክብር በተመለስኩ። ግን ጋሽ አርተር የቆርቆሮ ሳጥናቸውን አነሱ። ከፈቱትና ለጋሽ ደምሴ ዘረጉ።

«አይ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ጋሽ አርተር ሳጥኑን አልመለሱም። ትንሽ ቆዩና ደግመው ዘረጉ። ጋሽ ደምሴ «ኧረ ይቅርብኝ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሳንድዊቹ ላይ ነው። ጋሽ አርተር አሁንም ትንሽ ጠበቁና ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጉ። ጋሽ ደምሴ «እንግዲህ እንዲህ ካሉኝ» ብለው ሁለት አነሱ፣ የመጀመሪያውን ሳያላምጡ ዋጡት። ጋሽ አርተር ፊታቸው በራ። ሰው በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲሠለጥን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ሳጥኑን ወደኔ አዞሩት። የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። እኔም ቀኑን ሙሉ እንዳደረግኩት ቶሎ ብዬ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኩና አነሳሁ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ አርተር ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ደምሴም የአፋቸውን እየዋጡ ወደ አዲሱ ዘመዳቸው ዘንበል አሉና፣ ቀኑን ሙሉ ያልተናገሩትን እንግሊዝኛ ለዚህች ብለው አውጥተው «ይቅርታ ያድርጉለት፤ አሜሪካ ናት ያበላሸችው» አሏቸው።